ቁጥር የሌላት ሳንቲም

እማማ ሳንቲሟን ያመጧት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈትተው የመስታወት ሣጥኔ ላይ ጠብ አደረጓት። የአዳማን የጥር ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አቧራውን ከአስፋልቱ ዝቆ በረንዳዬ ላይ ሲያራግፍ ዕቃ አያስቀምጥም። ሳንቲሟ ትንሽነቷ ቢያስፈራኝ ነፋሱ የሚወስዳት ይመስል በመዳፌ ከደንኳት።

“ብር ናት” አሉኝ። “የልጅ ልጄ ለገና ከአሜሪካ መጥታ ስትሰናበተኝ ኪሷን ፈትሻ እጄ ላይ የጣለችልኝ ናት። ብሳልኝና አንገቴ ላይ ላንጠልጥላት።” ትንሽ ዝም አሉና፣ “ለመሆኑ ስንት ናት?”

አገላበጥኳት። አሥር ሳንቲም መሆኗን አውቃለሁ፤ በጣቴ ጠቁሜ ላሳያቸው ብዬ ቁጥሩን ስፈልግ ግን የለም። ከዓመተ ምሕረቱ በቀር አንድም አኃዝ አልተጻፈባትም። ጀርባዋ ላይ በእንግሊዝኛ “አንድ ዳይም” ይላል፤ አለቀ። ዳይም ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢያፈጥባትም ስንት እንደሆነች አትነግረውም።

ለማታውቁኝ፣ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳልርቅ በረንዳ ላይ አንዲት የመስታወት ሣጥን፣ አንድ አምፖልና አንድ በርጩማ አለችኝ። ስልክ ከመጣ ወዲህ ሰዓት የሚያሠራ ሰው ሳስቷል። ባትሪ እቀይራለሁ፣ ማሰሪያ አሳጥራለሁ፣ የተሰበረ የጆሮ ጌጥ እበይዳለሁ። በተረፈኝ ጊዜ ሳንቲም አያለሁ። ማጉያ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሚውል ሰው ሌላ ምን ሱስ ይይዘዋል?

“እማማ፣ ዳይም ማለት አሥራት ማለት ነው” አልኳቸው። እውነቴን ነው። ቃሉ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፤ አንድ አሥረኛ ማለት ሲሆን ፈረንሳዮች ለቤተ ክርስቲያን የሚከፈለውን አሥራትም በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1792 የገንዘብ ሕጋቸውን ሲያወጡ የዶላርን አንድ አሥረኛ በዚህ ስም ጠሩት። (ከዚህ በኋላ ያሜሪካኑን ዓመት በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

“እንግዲያው ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ነው በአንገቴ ላንጠለጥል የነበረው?” አሉና ሳቁ።

ቀጥለው የጠየቁኝ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። ልጅቱ ከዳይሟ ጋር አንድ ሳንቲምና አምስት ሳንቲምም ሰጥታቸው ኖሮ፣ አሥሩ እንዴት ከአምስቱም ከአንዱም ያንሳል? ነገሩ የብር ነገር ነው። ድሮ ሳንቲሙ ራሱ ዋጋው ነበር። ዳይም 90 በመቶ ብር ሆኖ 2.5 ግራም ይመዝን ነበር፤ ሃያ አምስቱ 6.25፣ ሃምሳው 12.5። በሂሳብ የተሠራ ነው፣ ብሩ እየጨመረ ይሄዳል። አንዱና አምስቱ ግን ብር ስላልሆኑ መጠናቸውን እንደልብ ማድረግ ይቻል ነበር። ብሩ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ መጠኑ ግን ቀረ። ስፋቷ ዛሬም 17.91 ሚሊ ሜትር ነው።

ሚዛኔ ላይ አስቀመጥኳት፦ 2.27። እዚህ ላይ ሆዴ ቡጭ አለ፤ ምክንያቱም ያውቀኛል ይሄ ቁጥር።

ከዓመታት በፊት ነው። አንዲት ሴት እንደዚችው ያለች ዳይም ይዛ መጣች። ነጭ ናት፣ ታበራለች፣ አሜሪካ ናት። “ብር ነው” ብዬ አፌን ሞልቼ ነገርኳት። የጆሮ ጌጥ ላድርግላት ተስማማን፤ እንደ ብር አስከፈልኳት። በኋላ ሌላ ሰው ጠርዙን አሳይቷት እያለቀሰች መጣች። ገንዘቧን መለስኩላት፤ ፊቷን ግን መመለስ አልቻልኩም። ያን ዕለት ማታ ነው ስለ ዳይም ማንበብ የጀመርኩት፤ ከእልህ።

ጠርዙን እዩት። ዳይሟን በሁለት ጣት ያዙና ጎኗን ወደ ፀሐይ አዙሯት። መሐሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር ካለ መዳብ ነው። ውስጧ መዳብ፣ ሁለቱ ፊቷ ላይ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ የለበሰች ናት። በ1960ዎቹ የብር ዋጋ ሲወጣ ሰው ሳንቲሙን እያጠራቀመ ገበያው ሳንቲም አጣ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በሐምሌ 1965 አዲሱን ሕግ ፈረሙ፤ ከዚያ ወዲህ ለመገበያያ በሚወጣው ዳይም ውስጥ ቅንጣት ብር የለም። 1964 እና ከዚያ በፊት ከሆነ ብር ነው፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ነጭ ነው። የእማማ ዳይም 2015 ይላል።

“ብር አይደለችም እማማ።”

“አይደለችም?” ተቀብለውኝ ጠርዟን አዩ። ዓይናቸው እንደማያይላቸው ገባኝ፤ በጥፍራቸው ግን ዳሰሷት። “ጥርስ አላት።”

118 ጥርስ አላት። አንድ ሥራ የጠፋበት ቀን በማጉያ ቆጥሬዋለሁ፤ መጀመሪያ 117 አገኘሁና ተናድጄ ደገምኩት። ጥርሱም ከብሩ ዘመን የቀረ ነው፤ ሰው ጠርዙን እየሞረደ ብሩን እንዳይሰርቅ የተደረገ። ዛሬ የሚሰረቅ ነገር ባይኖርም ዓይነ ስውር ሰው ዳይሙን ጠርዙ ልሙጥ ከሆነው አንድ ሳንቲም በጣቱ እንዲለይ ይረዳዋል። እማማም ያደረጉት ይኼንኑ ነው።

“ሰውዬውስ ማነው?” አሉኝ።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት። እኛ አገር ስሙን ብዙ ሰው ሰምቷል፤ እንዴት ዳይም ላይ እንደወጣ ግን ታሪኩ ያምራል። በ1921፣ በ39 ዓመቱ፣ ፖሊዮ ይዞት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። የልጅነት ልምሻ እንለው የለ? እሱን ግን ጎልማሳ ሆኖ ነው ያገኘው። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ በ1938 ልምሻን የሚዋጋ ብሔራዊ ድርጅት አቋቋመ። ኤዲ ካንተር የሚባል ኮሜዲያን በሬዲዮ፣ እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ዳይም በፖስታ አድርጋችሁ በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ ላኩ አለ። ሕዝቡም ላከ! ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ዳይም በከረጢት በከረጢት ሆኖ ኋይት ሐውስ ገባ፤ የፕሬዚዳንቱ ሌላ ደብዳቤ በሳንቲም ፖስታ ሥር ተቀበረ። የድርጅቱም ስም ቆይቶ ማርች ኦፍ ዳይምስ ሆነ፤ የዳይሞች ሰልፍ ማለት ነው።

እንግዲህ ሩዝቬልት ሚያዝያ 12 ቀን 1945 ሲሞት፣ በየትኛው ሳንቲም ላይ ይውጣ ብሎ የሚከራከር አልነበረም። ሕጋቸው ደግሞ አንድ ንድፍ 25 ዓመት ሳይሞላው ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይቀየርም ይላል። ያኔ የነበረው ዳይም ከ1916 ጀምሮ የሚመታ ስለነበር ጊዜውን አልፏል። በነገራችን ላይ ያ የቀደመው ዳይም የአዶልፍ ዋይንማን ሥራ ነው፤ ቆቧ ላይ ክንፍ ያላት ወጣት ሴት፣ ነጻነት ናት። ክንፉ የሐሳብ ነጻነት ነው ቢባልም ሰዉ ሜርኩሪ የተባለውን የሮማውያን ጣዖት መስሎት የሜርኩሪ ዳይም ሲል ቀረ። በእኔ ዓይን ካየኋቸው ትንንሽ ሳንቲሞች ሁሉ ውቧ እሷ ናት። ሩዝቬልት ይቅር ይበለኝ።

አዲሱን የሠራው ጆን ሲኖክ ነው፤ የሳንቲም መምቻ ቤቱ ዋና ቀራጭ። ቀነ ገደቡ የሩዝቬልት ልደት፣ ጥር 30 ቀን 1946። ወራት ብቻ ነበሩት። የመጀመሪያውን ቅርጽ የሥነ ጥበብ ኮሚሽኑ፣ ጭንቅላቱ ክብር ይጎድለዋል ብሎ መለሰበት። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው ሥራ የተመለሰበት ሰው እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። አስተካከለ፣ ደረሰም፤ ሳንቲሙ በልደቱ ቀን ወጣ። ፊቱ ላይ ሩዝቬልት፤ ጀርባው ላይ መሐል ችቦ፣ በግራ የወይራ ቅርንጫፍ፣ በቀኝ የባሉጥ ቅርንጫፍ። ነጻነት፣ ሰላም፣ ጥንካሬ። ያ ንድፍ ከ1946 ጀምሮ ሳይለወጥ እየተመታ ነው የኖረው፤ አገሪቱ 250 ዓመት ለምትሞላበት ለ2026 ብቻ ሌላ ፊት አወጡለት።

ማጉያውን ሰካሁና አንገቱ ሥር፣ ከዓመተ ምሕረቱ በላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት ለእማማ ላሳያቸው ሞከርኩ። ጄ እና ኤስ። ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ ናቸው። ጆን ሲኖክ ማለት ነው፤ እንደ ማንኛውም ቀራጭ ፈርሞበታል። ግን ጊዜው 1946 ነው። አሜሪካና ሶቪየት ጀርባ መሰጣጠት የጀመሩበት። ሰዉ ምን አለ? ጄ ኤስ፣ ጆሴፍ ስታሊን! መምቻ ቤቱ ውስጥ የስታሊን ሰላይ አለ ተባለ። መንግሥት ማስተባበያ እስከ መስጠት ደረሰ። ይህን ወሬ እኔም ቡና ላይ ስንቴ እንደተናገርኩት አልቆጥረውም፤ ሰው ጣፋጭ ወሬ ይወዳል። ሲኖክ ግን ሳንቲሙ በወጣ በዓመቱ፣ በ1947 ሞተ።

የስታሊኑ ወሬ ቀልድ ነው። ሌላኛው ክርክር ግን ቀልድ አይደለም።

ሰልማ በርክ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ቀራጺ ነበረች። በ1943 ለዋሽንግተን አንድ የመንግሥት ሕንፃ የሩዝቬልትን ምስል በነሐስ የምትቀርጸው እሷ እንድትሆን በውድድር ተመረጠች። ፎቶ እያየች መሥራት አልሆንልሽ ሲላት ለፕሬዚዳንቱ ራሱ ጻፈች፤ ጎንዎን ልይ ብላ። እሺ አላት። የካቲት 22 ቀን 1944 ኋይት ሐውስ ገባችና በቡናማ የሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ሣለችው። ባለቤቱ ኤሊኖር ሥራውን ስታይ በጣም ልጅ አደረግሽው ብትላት፣ የሠራሁት ለዛሬ ሳይሆን ለነገና ለነገ ወዲያ ነው ብላ መለሰችላት ይባላል። ምስሉ በመስከረም 1945 ተመረቀ። ዳይሙ በጥር ወጣ። ሰልማ በርክ በ1995 እስክትሞት ድረስ ሲኖክ የኔን ሥራ ነው የወሰደው ስትል ኖረች። እሱ ደግሞ በ1933 እና በ1934 ከሰውዬው ፊት ተቀምጬ ከሠራኋቸው ሁለት ጥናቶች ነው ያወጣሁት ብሏል።

እኔ የሁለቱንም ፎቶ ስልኬ ላይ ጎን ለጎን አድርጌ ብዙ ምሽት አይቻለሁ። አንድን ሰው ሁለት ሰው ከጎን ቢቀርጸው መመሳሰሉ አይቀርም፤ ሲኖክ ደግሞ ከዚያ በፊት የሩዝቬልትን ሜዳልያ የሠራ ሰው ነው፤ ፊቱን እጁ ያውቀዋል። ስለዚህ ሰረቀ ለማለት አፌን አይሞላውም። ግን አንዱ ሁለት ፊደል ፈርሞ በቢሊዮን ሲባዛ፣ ሌላዋ ዕድሜ ልኳን ስትናገር መኖሯ ይከነክነኛል።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። ይህን ሁሉ እያነበብኩ ሳለ ነው፣ አንድ ሌሊት፣ የሲኖክን ሥራዎች ዝርዝር ሳይ የኛን አገር ስም ያገኘሁት።

የእናቴ የብስኩት ቆርቆሮ አለች። ቁልፍ፣ መርፌ፣ የአባቴ የሥራ መታወቂያ፣ ከሥር ደግሞ የጃንሆይ ዘመን ሳንቲሞች። አባቴ ወንጂ ስኳር ይሠራ ነበርና ደመወዝ ሲቀበል ለኛ ለልጆቹ ስሙኒ ስሙኒ ይሰጠን ነበር። ስሙኒ ሃያ አምስት ሳንቲም ናት፣ ሽልንግ ሃምሳ። ሳንቲም ሽቅብ ወርውረን “ዘውድ ወይስ ጎፈር?” የምንለው በነዚህ ነበር፤ በአንድ ወገን ንጉሡ፣ በሌላው መስቀል የያዘው አንበሳ። ሁሉም ላይ ፲፱፻፴፮ ተጽፏል፤ በኛ አቆጣጠር 1936 ማለት ነው። ልጅ ሆኜ፣ ያን ዓመት ብቻ ገንዘብ ተሠርቶ ከዚያ ቀረ እንዴ ብዬ አስብ ነበር። የለም፤ የመጀመሪያው ዓመት እንዳለ ተትቶ እስከ ዘመነ መንግሥቱ ማብቂያ ድረስ በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲመታ ነው የኖረው። የመጀመሪያዎቹ የተመቱት ፊላደልፊያ ነው። የጃንሆይን ፊት የቀረጸው ጆን ሲኖክ። አንበሳውን የቀረጸው ረዳቱ ጊልሮይ ሮበርትስ፣ በኋላ በ1964 የኬኔዲን ፊት ሃምሳ ሳንቲም ላይ ያወጣው።

ያን ሌሊት ተነስቼ ቆርቆሮዋን አወረድኩ። ባለቤቴ ሌባ ገባ ብላ ነቃች።

ሽልንጓን ከመብራቱ ሥር አድርጌ አየኋት። ይቺ እውነተኛ ብር ናት። ብሩም የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ለወዳጆቻቸው በሚሰጡት ብድር 5.4 ሚሊዮን አውንስ ገደማ ሰጥተውን፣ 30 ሚሊዮን ሽልንግ ተመታበት። የሲኖክን ፊደላት ፈለግኩ። የእናቴ ሽልንግ ግን ብዙ እጅ ያለፈባት ናት፤ ከአንገት በታች እንደ ሳሙና ሙልጭ ብላለች። ስሙኒዋ ግን ጠርዟ እንደ አበባ ቅጠል የተሸበሸበ ነው፤ ያም ምክንያት አለው። መጀመሪያ ስሙኒ ክብ ነበረች፤ በመጠን ከሽልንግ ስለተቀራረበች ሰው ብር እየቀባ ሃምሳ ነው ብሎ ይሰጣት ጀመር። ሰብስበው ጠርዟን አሸበሸቡት። ነጭ ሁሉ ብር ነው ብሎ የተሸወደ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ሳውቅ ትንሽ ቀለለኝ።

ሌላም ነገር አለ። የካቲት 13 ቀን 1945 ጃንሆይና ሩዝቬልት በስዊዝ ቦይ፣ መራራ ሐይቅ በሚሉት ላይ፣ ኩዊንሲ በምትባል የጦር መርከብ ተገናኝተዋል። ሁለቱም ተቀምጠው ሲያወሩ የአንደኛው ፊት በሲኖክ እጅ ተቀርጾ በመዳብና በብር እየተመታ ነበር። የሌላኛው ሊቀረጽ አንድ ዓመት እንኳ አልቀረውም። ሩዝቬልት ሁለት ወር ሳይሞላ ሞተ።

ይህን ሁሉ ለእማማ አልነገርኳቸውም፤ ግማሹን ነው የነገርኳቸው። ፀሐዩ በርትቶ ነበር፣ ባጃጅም እየጠበቃቸው ነው። ብር አለመሆኗን ሲሰሙ ይተዉታል ብዬ ነበር። “የሰጠችኝ ልጅቱ እንጂ ብሩ አይደለም፤ ሥራት” አሉኝ።

እዚህ ላይ የሙያ ችግር መጣ። የአሜሪካ ሳንቲም ሁለቱ ወገኑ ተገልብጦ ነው የሚመታው። ሰውዬው ቀጥ ብሎ እንዲታይ አድርጌ ብሰቅላት ጀርባዋ ላይ ችቦው ቁልቁል ይሆናል። ችቦውን ባቀና ሰውዬው በአናቱ ይቆማል። ለእማማ አሳየኋቸው።

“ችቦ ቁልቁል አይያዝም” አሉ፣ ወዲያው። “ደመራ ላይ እንኳ እንዲያ የሚይዝ ልጅ ይቆጡታል።” ከዚያ ፊቱን አዩት። “እግሩን ልምሻ የመታው ነው አይደል ያልከኝ? እሱን ደግሞ እንዴት ብዬ እዘቅዝቀዋለሁ?”

ነገ ይምጡ አልኳቸው። አልበሳኋትም። ዙሪያዋን ቀጭን የብር ቀለበት አለበስኳት፤ ይህኛው እውነተኛ ብር ነው፣ ሁለቴ መዝኜዋለሁ። ከዚያ ውጭ ሌላ ሰፋ ያለ ቀለበት። ሁለቱን ያገናኘኋቸው በግራና በቀኝ፣ የሰዓት ማሰሪያ በሚይዘው ባለ ሞላ ዘንግ ጫፎች ነው። ሳንቲሟ መሐል ላይ እንደ መስኮት ትገለበጣለች፤ ወደ ታች ሲገፏት ሰውዬው ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ሲደግሙ ችቦው። አንዱ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተፈናጥሮ መሬት ለመሬት ስፈልግ ዋልኩ።

በማግሥቱ መጥተው አንገታቸው ላይ አሰርኩላቸው። በአውራ ጣታቸው ገፏት። ችቦ። ገፏት። ሰውዬው። ባጃጁ ጥሩምባ ነፋ፤ አልሰሙትም፣ ወይ ሰምተው ተዉት።

“ስንት ነው?” አሉኝ በመጨረሻ፤ የእጄን ማለታቸው ነው።

ነገርኳቸው። ያኛውን የነጠላ ጫፍ በጥርሳቸው መፍታት ጀመሩ።